ኬኬን ያልተቀበሉኝ ምስክር

እትዬ ኦሊታ ብራንስከምን በደንብ ያወቅኳቸው እናቴ ስትሞት ነው። መጻፍ አልለመድኩም፣ ግን ስለሳቸው አንድ ሰው መጻፍ አለበት።

አያቴ እዚሁ ቴክሳስ መሬቱን ሲሸጥ ከሥር ያለውን ነዳጅ ለራሱ አስቀርቶ ነበር። የነዳጁ ድርሻም ለእናቴ ደረሰ። እናቴ ሳትናዘዝ ሞተች፤ ነዳጁን የሚያወጡት ቆፋሪዎችም ድርሻዋን ከመክፈላቸው በፊት «ወራሾቿን አሳዩን» አሉን። ፍርድ ቤት ብንሄድ ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ ለጠበቃ የምንከፍለውም የለንም። ሌላው መንገድ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ግን ከውርሱ ምንም የማይደርሳቸው ሁለት ሰዎች ምለው የሚፈርሙት ወረቀት ነው። አንዱ ፀጉር አስተካካያችን ሆነ። ለሁለተኛው ምስክር ግን ሰዉ ሁሉ «እትዬ ኦሊታ ጋ ሂድ» አለኝ።

ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለየቀብሩ ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል፤ እዚያ የሚታደለውን የሟች ታሪክ ወረቀት ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠዋል።

ከታላቅ ወንድሜ ከሮይስ ጋር ሄድን። ሚስቴ የጋገረችውን የፔካን ለውዝ ኬክ ይዣለሁ።

«ምንም አላገኝም ብዬ ልምል ነው፣ አንተ ኬክ ይዘህልኝ ትመጣለህ? መኪናህ ውስጥ መልሰው» አሉኝ።

መልሼ መጣሁ። ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዴልማር የታለ?»

«ዴልማር ማነው?» አልኩ። ሮይስ አቀረቀረ።

«እናትህ ሳታገባ የወለደችው ነዋ። አክስቷ ጋ አደገ። ሲወለድ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ አንድ ቀን ደውሎ አያውቅም» አለ ሮይስ።

«አንተስ ደውለህለታል?»

እትዬ ኦሊታ ወረቀቱን ወደ እኔ መለሱት።

«እሱ ካልተጻፈ አልፈርምም። ሌላ ምስክር ፈልጉ።»

ሌላ ምስክር የለንም። ሮይስ ተነስቶ ወጣ፤ «እንጻፈው» ስላልኩት ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በኋላ ራሱ አራት ሰዓት ነድቶ የዴልማርን አድራሻ አመጣ።

«አፍንጫው የእማዬ ነው» አለኝ።

ሦስታችንም ተጻፍን። እትዬ ኦሊታም ምለው ፈረሙ፤ ወረቀቱ ወረዳው መዝገብ ቤት ገባ። ያን ቀን ዴልማርም መጥቶ ነበር። እትዬ ኦሊታ ቆርቆሮውን ከፍተው የእናታችንን የቀብር ወረቀት ሰጡት። ፎቶዋን ሲያይ ብዙ ቆየ።

ቤታቸው ከጥጥ መዳመጫው ጀርባ ነው፣ በሩ አረንጓዴ። እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ ብቻቸውን ናቸው። የሚፈረም ወረቀት ካላችሁ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ከሌላችሁ ግን ኬክ ይወዳሉ፤ ሚስቴ እንደገና የጋገረችውንማ ከፈረሙ በኋላ ግማሹን በልተውታል።