በአንሶላ ጫፍና ጫፍ

የሠራተኛ ማኅበራችን ኮሚቴ በየስብሰባው የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ የላውንደሪ ሠራተኞች ለምን አባል አይሆኑም? ጥያቄዋ የምትነሳው በትልቁ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ እኛ የሆስፒታሉን አንሶላ ከማድረቂያ በምናወጣበት ሰዓት ነው። በሌለንበት ባለመኖራችን ይገረማሉ። ማስታወቂያውንም የሚለጥፉት ሂሳብ ክፍል ኮሪደር ላይ ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ኮሪደር የምናልፈው ጡረታ ስንወጣ ነው።

ይህን ነገር የለወጠችው እትዬ ቀስ በቀስ ናት። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ስትራመድ ቀስ፣ ስታወራ ቀስ፤ ደረጃ ላይ ከፊታችሁ ከገባች ቀኑ መሸ ማለት ነው። ዕድሜዋን በዚያ እንፋሎት ውስጥ ፈጅታዋለች። ቤቷ ደግሞ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት ታላቅ ወንድም አላት። ጠዋት ታገላብጠዋለች፣ ታበላዋለች፣ ጎህ ሲቀድ ለምትመጣው ጎረቤቷ ታስረክበውና ወደ ሥራ ትመጣለች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አስተዳደሩ የላውንደሪ ሥራ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ይጀመር አለ። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚመጣው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኛ በጨለማ በእግራችን ልንኳትን ነው። እትዬ ግን ጭራሽ ሥራዋን ልትለቅ ነው፤ ጎረቤቷ በዚያ ሰዓት አትመጣላትማ። ማኅበሩ ካልተቃወመ ትእዛዙ ይጸናል ተባለ። ማኅበሩ ውስጥ ስለ እኛ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ በደንቡ የኮሚቴ ወንበር የሚያገኘው ከግማሽ በላይ ሠራተኛው አባል የሆነ ክፍል ነው። ከእኛ ክፍል አባል የነበረችው እትዬ ብቻዋን ናት። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኛ ብንጮህስ ማሽኑ መቼ ያሰማናል።

እውነቴን ነው፣ ማሽኖቹ ሲነሱ እዚያ ቤት ሰው ከሰው አይደማመጥም። መነጋገር የሚቻለው አንሶላ ሲታጠፍ ብቻ ነው። ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ይዘን እንወጥራለን፣ እናራግፋለን፣ ተራምደን ተገናኝተን ጫፉን እንቀባበልና ወደ ኋላ እንመለሳለን። አንሶላ ሲባል ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ የሄደ ካላችሁ አደብ ግዙ፤ እኛ ሥራ ላይ ነን።

እትዬ ከእያንዳንዳችን ጋር እየተፈራረቀች ማጠፍ ጀመረች። ስትገናኙ አንዲት ነገር ጆሯችሁ ላይ ጣል ታደርግና ወደ ኋላ ትመለሳለች። መልሱ እንደገና እስክትገናኙ ይቆያል፤ እስከዚያ ማሰብ ግድ ነው። እኔን፣ በዚያ ጨለማ ማን ሊሸኝሽ ነው አለችኝና ሄደች። ስንገናኝ ማንም አልኳት። ቀጣዩን አንሶላ አነሳች። የዕለቱ ቁልል ሳያልቅ የአባልነቱን ቅጽ ፈረምኩ። ኮሚቴው በድምፅ ማጉያ ያጣውን ሰው እሷ በሹክሹክታ ለቀመችው።

እንዲህ እያለች ግማሹን አስፈረመች። ከግማሽ በላይ ለመሆን አንድ ሰው ጎደለ። የቀሩት የአለቃን ፊት አይተው የሚያድሩ ናቸው፤ ከእነሱ ውጭ ያለችው ኮምጣጤ ብቻ ናት። ኮምጣጤ የምንላት፣ እሷ በሌለችበት ነው ታዲያ፣ የካውያ ማሽኗን ሠራተኛ ነው። ድሮ ማሽኑ ሁለት ጣቶቿን ጨፍልቆባታል። ያኔ የማኅበሩ አባል ነበረች፤ ተኝታ ሳለች ግን ከማኅበሩ ዝር ያለላት ሰው የለም። ስትመለስ ከአባልነት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ማኅበር የሚል ቃል ፊቷ የሚያነሳ ካለ፣ ውርድ ከራሴ።

እትዬ ከኮምጣጤ ጋር አንሶላ የያዘች ቀን መብራት ጠፋ። ማሽኖቹ ባንዴ ዝም አሉ። በሹክሹክታ ልትነገር የነበረችው ነገር በሁላችንም ጆሮ ገባች።

"እኔ ስጎዳ ማን መጣ?" አለች ኮምጣጤ፣ በማይታጠፉት ጣቶቿ ጫፉን እንደያዘች።

"ማንም አልመጣም።"

"ታዲያ ምን አድርጊ ትይኛለሽ?"

እትዬ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ተራምዳ ጫፉን አቀበለቻት። "እኔ ልወክልሽ አልመጣሁም። ወንበሩ ላይ አንቺ ተቀመጪ። ሰው ሳይመጣለት የቀረ ምን እንደሚሰማው ካንቺ በላይ ማን ይናገራል?"

እኔ በገንኩ። እንጀራዋ ሊዘጋ የደረሰው እሷ፣ የለፋችው እሷ፣ ለኮምጣጤ ልታስረክብ? ሁላችንም እትዬ ትቀመጣለች ብለን ነበር የፈረምነው። ኮምጣጤ ግን አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች፣ ቁልሉ ላይ አስቀመጠች፣ ጠርዙን በመዳፏ አስተካከለች።

"ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?" አለች።

አንሶላ ሲወጣ ነው አልናት። እንግዲያው መጀመሪያ እሱን ነው የማስቀይረው አለች።

ፈረመች፣ ወንበሩን ያዘች፣ የስብሰባውንም ሰዓት አስቀየረች። ኮሚቴው ፊት ቀርባ፣ ከእናንተ ውስጥ በዚያ ጨለማ በእግሩ ከቤቱ የሚወጣ ማን ነው ብላ ጠየቀች አሉ። መልስ እስኪሰጧት አልተቀመጠችም። ማኅበሩ ትእዛዙን ተቃወመ፣ አስተዳደሩ ጥቂት አንገራገረ፣ በመጨረሻ ሥራ ከመጀመሪያው አውቶቡስ በኋላ ይጀመር ተባለ። የእኔም ንዴት በዚያው በረደ። ኮምጣጤነቷ ግን አልቀረም፤ አሁን የሚቀምሱት አለቆቹ ናቸው።

በቅርቡ የእትዬ ወንድም ሕመሙ ጠናበትና ከሥራ ቀረች። ስትመለስ አንሶላ ይዘን እንዴት ሰነበትሽ አልኳት፣ ማሽኑ እየጮኸ። ተራምዳ መጣች።

"በሩ ተንኳኳ" አለችኝና ወደ ኋላ ሄደች።

እስክትመለስ ጠበቅኩ። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፣ መቼም አታውቁም።

"ማን ነው ብል፣ ኮምጣጤ ናት። እንዴት መጣሽ ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "'ከማኅበሩ ነው' አለችኝ።"