አገኘሁሽ እና የተቀበረው ጓሮ

የ1953 ክረምት ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ትዝ ይለኛል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውጦት ነበርና ከደጃችን ቆመን ወደ ታች ስናይ፣ ጣና ራሱ መጥቶ ፎገራ ላይ የተኛ ይመስል ነበር። ከብቱ ወደ እኛ ዳገት ወጥቶ ከሰው ጋር ተጣቦ ያድራል። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ። እኔን ግን ከሁሉ የከበደኝ የእናቴ ዝምታ ነው። በየጠዋቱ ጓሮዋ ዳር ትቆምና ቢጫ የሆነውን ጎመን አይታ፣ ቃል ሳትናገር ትመለሳለች።

እናቴ እማዋይሽ ያን ጓሮ ከእኛ እኩል ያሳደገችው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አመዱን፣ ፍጉን፣ የጠላውን አተላ ሳይቀር አብልታዋለች። አባቴ ያየህ ግን ወረታ መንገድ ዳር ቤት የሠሩት ሰዎች ግቢያቸውን እንደ አውድማ ደልድለው፣ ጌሾና ሎሚ ተክለው አይቶ ቀና። በሚያዝያ ጅጌ ጠራ። ሃያ ጎረቤት መጥቶ የላይኛውን ዳገት እየናደ ከታች፣ በእናቴ ጓሮ ላይ ደለደለው። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ደግሞ ይጥበቅ ብለው እየዘፈኑ በእግራቸው ረገጡት። ሲያልቅ ያምር ነበር፤ አልዋሽም።

ያን ዕለት አገኘሁሽ የጭቃ እንቅቧን ተሸክማ በአጥሩ በኩል አለፈች። አገኘሁሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏን ወባ ገድሎባት ብቻዋን ነበረች። ከመሬታችን ግርጌ አባቴ ፈቅዶላት አፈር ትቆፍራለች፤ በዓመት አንድ እንስራና ሁለት ድስት ታመጣልናለች። ሌላ የምትቆፍርበት መሬት አልነበራትም። ቆማ ብዙ አየች። ልትናገር አፏን ከፈት አደረገችና ተወችው። ሄደች።

በሐምሌ የተከልነው ጎመን አልጠና አለ። ዝናቡ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ይተኛል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ አፈሩ እንደ ገል ይደርቃል። ጎረቤታችን አያ አንለይ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም።

«ያየህ፣ ያቺ ሸክላ ሠሪ ዐይኗን ጥላበት ነው። ያን ዕለት ስትገተር አላየሃትም?»

በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ላይ ይህ ቃል ከወጣ ዳኛ አይጠየቅም። በመስከረም መባቻ አባቴ «መስቀል ሳይደርስ መሬቴን ልቀቂ» ብሎ ላከባት።

በማግሥቱ ራሷ መጥታ ጓሮው መሀል ቆመች። አንለይም አልጠፋም።

«አያ ያየህ፣ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። ግን እባክዎ፣ እዚህች ላይ አንድ ክንድ ያህል ይቆፍሩልኝ።»

«ምን ቀብረሽ ነው?» አለ አንለይ። «ድግምትሽን ራስሽ አውጪው!»

«እኔስ ምንም አልቀበርኩ፣ አያ አንለይ። ጠላ ጠጥተው እየዘፈኑ የቀበሩት እርስዎ ነዎት።»

እናቴን ሳቅ አመለጣት። በዚያ ክረምት ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ተቆጥቶ ዶማውን አነሣ። ቢጫው አፈር እንደ ድንጋይ እየተፈነካከተ ወጣ። ክንድ ሳይሞላ የዶማው ድምፅ ተለወጠ። ከሥር ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ ትል የሚርመሰመስበት አፈር ተኝቷል፤ ያለፈው ዓመት የጎመን ሥር ገና አልበሰበሰበትም። እናቴ ተንበርክካ በእፍኟ ዘገነችና አሸተተችው።

«ይሄ የኔ አመድ ነው» አለች።

«ምድር ቆዳ አላት» አለች አገኘሁሽ። «እኔ ስቆፍር መጀመሪያ ሣሩን ከነሥሩ እገፍና በቀኜ አኖራለሁ። ጭቃዬን ከሥር አወጣለሁ። ስጨርስ ቆዳዋን መልሼ አለብሳታለሁ። እናንተ ሥጋዋን ከላይ፣ ቆዳዋን ከታች አደረጋችሁት። ደግሞ ረገጣችሁት! የሚረገጥማ የእንስራ ጭቃ ነው፣ ውሃ እንዳያፈስ። ጎመን ውሃው ካልሰረገለት በምን ይኖራል?»

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው አፍሽን ዘጋሽ?» አለ አባቴ።

«በሃያ ወንድ ጅጌ መሀል ሸክላ ሠሪ ትናገር? ዛሬም የተናገርኩት የምሄድበት ስለሌለኝ ነው።»

አባቴ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። «አትሄጂም፣ ተቀመጪ» አላት።

በጥቅምት መሬቱ ጠፈፍ ሲል ሥራውን ጀመርን። እርጥቡን እንዳንረግጥ እሷ ናት የከለከለችን። በየመደቡ ቢጫውን ገፈን ከአጥሩ ሥር ጣልነው፤ ጥቁሩን ወደ አናቱ መለስነው። ጎርፉ ርብ ዳር ትቶት የሄደውን ደለልም በአህያ አምጥተን ከፍግ ጋር ቀላቀልንበት። እንደገና የተከልነው ጎመን ለገና ጉልበቴን አለፈ።

አንድ ነገር ግን አባቴ አላደረገም። ሰንበቴ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ተነሥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሴትዮዋ የለችበትም» አላለም። እናቴ ወተወተችው።

«ሰው ይሳቅብህ፣ ምን ትሆናለህ?»

«ነገሩ አልፏል፣ እማዋይሽ። አትቀስቅሽው» ይላት ነበር።

አላለፈም። ወሬው ገበያ ደርሷል። አገኘሁሽ እንስራዎቿን ደርድራ ትውላለች፤ ሴቶቹ ዐይኗን ሽሽት በሩቁ ይዞራሉ። እኔም አንድ ቀን ከባልንጀሮቼ ጋር ዞሬያለሁ። እያወቅሁ። መቆፈሪያ መሬት ተፈቀደላት፤ የሚገዛት ግን አጣች።

ከጥምቀት በኋላ ሄደች። ጉድጓዷን ሞልታ፣ ሣሩን መልሳ አልብሳ ነው የሄደችው። በሚቀጥለው ክረምት ከብት ጋጠበት፤ ቦታውን እኔ እንኳ መለየት አቃተኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጉድጓድ በቆፈረ ቁጥር የላዩን አፈር ለብቻ፣ በቀኙ ያኖር ነበር። ስሟን ግን አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም።

በ1961 ለለቅሶ ሐሙሲት ሄጄ አየኋት። ከገበያው ጀርባ፣ ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጣ ድስት ታለሰልስ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል።

«የእናትሽ ጓሮ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደኅና ነው» አልኳት። ሌላም ልናገር ነበር፤ ለለቅሶው አብረውኝ የመጡት ሰዎች ጠሩኝና ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። መጨረሻ የማውቃት እዚያው ሐሙሲት፣ ከገበያው ጀርባ ነው።