በበሬ የተገዛ መጋዝ

እንዳላማው ጎረቤቴ ነበር። ቁይ አካባቢ ሆኖ እሱን የማያውቅ የለም። የእሱን ጓሮና የእኔን ጓሮ የሚለየው ቁልቋል ብቻ ነው፤ ቁልቋል ደግሞ ቀዳዳ አያጣም። ባይኔ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ያላየሁትን ሚስቱ የብርጓል ነግራኛለች። እሷ የደበቀችኝን ደግሞ እሳት ልጭር እያልኩ እየገባሁ ደርሼበታለሁ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ማይጨው ዘመተና ቀረ። መርዶው የመጣ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ ሁለቱ ዝም ብለው ተቀመጡ። እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ሄጄ ባለቤቶቹ ሳያለቅሱ ማልቀሱ አሳፈረኝና አፍንጫዬን ብቻ ጠርጌ ተመለስኩ።

ወዲያው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገባ። ሰው ሁሉ ስለ ጣሊያን ሲያወራ እንዳላማው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድሮም እንጨት ይወዳል፤ ከእርሻ ሲመለስ በፋስ በርጩማ ምናምን ይጠርብ ነበር፣ እንደ ጨዋታ። ከልጁ ወዲያ ግን እጁ ወደ ሌላ ነገር አልሄድ አለ። በኋላ ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ነድቶ ቁይ ገበያ ሸጠና ብሩን ይዞ ማርቆስ ሄደ። ሲመለስ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮና አንድ መሰርሰሪያ በጋቢ ጠቅልሎ መጣ።

የብርጓል ጥቅሉን ስትፈታ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ እሳት ልጭር ገብቼ። መላጊያውን ገለባበጠችና በሬው ይሄ ነው ወይ አለችው። እስከ ሰኔ ሚካኤል ዕቃው ራሱ በሬውን ይመልስልሻል አላት። አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻለኝ ነበር፤ የሁለቱ ዝምታ ብርድ ብርድ ያሰኘኝ ነበር።

የብርጓልን የጨነቃት አንድ ነገር ነው። በአንድ በሬ አይታረስም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች ተቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ በእኛ ቀበሌ ግን ያን ዓመት አንድ በሬ ይዞ ብቻውን የቀረ ሰው አልነበረም፤ ከማን ጋር ትቀናጅ? የባሏ ታናሽ ወንድም ታረቀኝ አራት በሬ አለው። በሬ ካልተገኘ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ገብቼ መሬቱን በእኩል አርሰዋለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት አስነገረ። ምርቱን እኩል ይካፈላሉ ማለት ነው። ታረቀኝ በእኩል የያዘውን መሬት ሲመልስ ደግሞ ያየ ሰው የለም።

እንዳላማው ሠራ፤ ሥራማ ሠራ። ለአንዱ ቀንበር፣ ለአንዱ ሞፈር፣ ለአንዱ አልጋ፣ ዲማ ላሉት መነኮሳት አትሮንስ። ገንዘብ ግን የለም። የገበሬ ልጅ በእጁ ሥራ ዋጋ ከተቀበለ ባለጅ ይባላል፤ ባለጅ ከተባለ ደግሞ ዘሩ ይታማል። ስለዚህ እሱም አይጠይቅም፣ ሰዉም አይሰጥም፤ መርቆት ይሄዳል። እኔም ሳጥን አሠርቼ አንድ ቁና ባቄላ ጣል አድርጌ ወጣሁ፤ አልዋሽም። ሳጥኑ እስከ ዛሬ አለኝ።

ያ ሳያንስ ዕቃው ራሱ ይበላል። የመጋዙ ጥርስ ሲደንዝ ሞረድ ያስፈልጋል ተባለና ለሞረዱ ፍየል ተሸጠች። የብርጓል ፍየሏን ስትሸኝ፣ በሬውን ይመልሳል የተባለው ዕቃ ፍየሏንም አስከተለ አለችኝ። ስትናገረው ፊቷ ላይ ንዴት እንኳ የለ። የሌላ ሰው ቤት ወሬ የምታወራ ነው የምትመስለው።

ግንቦት ላይ ባንዶች መጡና ለጣሊያን ምሽግ ሥጋ ብለው ከብት ነዱ። የአስማማውን ሁለት በሬዎች ወሰዱበት። አስማማው ከእኛ በታች ያለ ድሃ ገበሬ ነው፤ ከሁለቱ በሬዎች በቀር ሀብት የለውም። የእነ እንዳላማው በሬ ያን ቀን ገደል ስር ስለነበር ሳያዩት ቀሩ።

ሳምንትም ሳይሞላ ደምለው የሚባል አርበኛ የገለባ ሸክም ይዞ እነ እንዳላማው ግቢ ገባ። ገለባው ውስጥ ሰደፋቸው የተሰበረ ሰባት ጠመንጃዎች አሉ። አለቃው እንጨት ጠራቢ መኖሩን ሰምቶ ልኮት ነው። እንዳላማው አንዱን አንስቶ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰና ዋንዛ ይሆነዋል አለ። ስለ ዋጋ አላነሳም። ደምለውም እግዜር ይስጥልን ብሎ ሊወጣ ሲል የብርጓል በሩ ላይ ቆመችበት።

«እሱ ዋጋ መጠየቅ ያፍራል» አለችው። «እኔ አላፍርም። በሬ አምጡ።»

«እሜቴ፣ እኛኮ ለአገር ነው የምንሞት።»

«ሙቱ። ልጄም ሞቷል። በሬ አምጡ።»

ደምለው ለአለቃዬ እነግራለሁ ብሎ ሄደ።

እንዳላማው ዐሥር ቀን ሠራ። እኔ አጥሩ ስር ጥጥ እየፈተልኩ ዘብ ሆንኩ፤ ሰው ሲመጣ እንድስል። አንድ ቀን ማንም ሳይመጣ ሳልኩ፤ ሲደነግጥ ለማየት ነው፣ ልጅነት። ሰደፉን ሹልክ አርጎ ከፍልጡ ስር ከተተና እጁን አራግፎ ቆመ። ልሳቅ ብዬ በቀዳዳው ሳየው ፊቱ ላይ ድንጋጤ የሚባል የለም። ቢይዙትም ባይዙትም ለእሱ አንድ ነው። ሳቄ ጠፋ።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ደምለው ጠመንጃዎቹን ወስዶ አንድ ዳልቻ በሬ አሰረላቸው። ወደ ደጀን ሲነዳ የነበረ የጣሊያን መንጋ ላይ ወድቀው የማረኩት ነው። የብርጓል በሬውን በጎኑ ዳበሰችውና ውሃ ቀዳችለት። እልል አላለችም። እኔ ነኝ አገሩን ዞሬ ያወራሁት፤ ወሬ ሲያቃጥለኝ አላድርም።

ጥፋቱም ከእኔው አፍ መጣ። በማግስቱ አስማማው ከች አለ። በሩ ላይ ቆሞ፣ የብርጓልን ሳይሆን በሬውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የእኔ ዳልቻ ነው አለ። ሌላኛው ታርዷል፣ ይሄ ተርፏል። እኔ እዚያው ነበርኩ። በሬውን ከያዘችው ጥንድ ይሆንላታል፤ ለአስማማው ግን ምንም አይተርፈውም። ለእሱ ከሰጠችው ደግሞ የዓመቱ ሥራ ሁሉ ባዶ ነው።

«ጥራው» አለችው።

አስማማው ምላሱን ጠቅ አድርጎ ጠራው። በሬው ከግርግሙ ራሱን አነሳና ወደ ድምፁ ዞረ፤ ገመዱ እስኪወጠር ሄደ። የብርጓል ጥቂት አየችው። ከዚያ ገመዱን ፈትታ ሰጠችው።

«በሬህን ውሰድ። ነገ ግን ከእኔ በሬ ጋር ትጠምደዋለህ። ተራው በእኔ መሬት ይጀመራል፤ እርፍ የምትይዘውም አንተ ነህ። የእኔ ሰውዬ ከእንጨቱ አይነሳም።»

«እሺ እህቴ» አለ አስማማው።

ሁለቱ በሬዎች ተጠመዱ፤ አንድ ቀን ለእሷ፣ አንድ ቀን ለእሱ። እንዳላማው ይሄ ሁሉ ሲሆን በርጩማ ያለሰልስ ነበር። መጋዙ ዋጋውን መለሰ ወይስ አልመለሰም ብዬ ሆን ብዬ ነካካሁት። ፍቅፋቂውን እፍ አለና አላውቅም አለኝ። ቤተስኪያን ደጅም ሰው ተከራከረበት፤ ግማሹ አንድ በሬና አንድ ፍየል ከስሮ ግማሽ በሬ አገኘ አለ፣ ግማሹ ያ የተሸጠው በሬም ቢኖር ባንዳ በበላው ነበር አለ። እኔ ከሁሉም ጋር ተስማማሁ።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ታረቀኝ በሬዎቹን ነድቶ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ መጣ። መሬቱ እስከ ወሰኑ ድረስ ጠቁሯል፤ አስማማው የመጨረሻውን ትልም እያወጣ ነው። የብርጓል ምሳ ይዛ ድንበሩ ላይ ተቀምጣለች። በሬዎቹ የማን ናቸው ብሎ ጠየቃት።

«አንዱ የእኔ» አለችው።

ታረቀኝ ትልሙን አየ፣ አስማማውን አየ፣ ከዚያ በሬዎቹን አዙሮ ሄደ። የብርጓል ሲሄድ እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። ለአስማማው ምሳውን ከፈተችለትና ከበሬዎቹ አንገት ላይ ዝንብ ታባርር ጀመር።