በበዓል ቀን የገባው ምስማር

ፊደል የቆጠርሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አሳምሮ ይጽፋል ብላችሁ አትጠብቁኝ። የዚያን ማሽን ነገር ግን ከእኔ በቀር በደንብ የሚናገረው የለም። ሌላው ገና ሲጀምር ይስቃል።

ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ቢቸና ላይ ሥራ ጠፍቶብኝ ስንከራተት፣ ሞጣ ላይ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ አናጢ ይፈለጋል ተባለ። መዶሻዬን፣ መጋዜንና መላጊያዬን በበቅሎ ጭኜ ሄድሁ። የጣራው እንጨትና ኮርኒሱ ለእኔ ተሰጠ።

ገና ወራጁን ሳልጨርስ፣ ከአዲስ አበባ የተላከው ፎርማን አንድ ማሽን ከነባለቤቱ በጭነት መኪና አስመጣ። መሬት ላይ ተቀምጦ በቤንዚን እየተንቀጠቀጠ አየር የሚያምቅ ሞተር ነው። ከሱ ረጅም ጎማ ይወጣል፤ በጎማው ጫፍ በእጅ የሚያዝ ነገር አለ። አፉን እንጨት ላይ አስደግፈው ምላጩን ሲስቡት ምስማር ይተፋል። ጧ! አለቀ። እኔ ምስማሬን በጣቴ ይዤ ሳነጣጥር ባለማሽኑ ረድፉን ጨርሶ ሲጋራ ያቀጣጥላል።

«አንተ የቢቸና ሰው፣» አለኝ ፎርማኑ፣ «ክረምት ሳይገባ ጣራው ካልተከደነ እኔም እባረራለሁ። ከማሽኑ እኩል ከሄድህ ትቀጥላለህ፤ ካልሆነ በቅሎህን ጫን።»

እኩል ሂድ ይለኛል እንዴ! የሰው ክንድና ቤንዚን ምን አገናኛቸው?

የሚካኤል ዕለት ግን ባለማሽኑ ሞተሩን አስነሳው። ደስታዬ ወሰን አጣ። በዚያ አገር በበዓል የመዶሻ ድምፅ ከተሰማ በረዶ እህሉን ያጠፋዋል ይባላል፤ በዓል የሻረ ሰው ከከተማ ይባረራል። አሁን ተገላገልሁት ብዬ የበዓልን ነገር ወደሚፈርዱት ወደ ከተማው ቅኔ መምህር ሮጥሁ።

የኔታ አዲሱን ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ሕዝቡም ሥራ የለውምና ተከትሏቸው መጣ።

«ይመታል?» አሉ።

«ኧረ አይመታም የኔታ፤ ይተነፍሳል እንጂ፣» አለ ባለማሽኑ፣ ዓይኑን በጨው የታጠበ!

የኔታ ሞተሩን አዳመጡ፤ ጎማውን ዳበሱ። «መምታት በበዓል ክልክል ነው። መተንፈስ ግን በምን ይከለከላል? እኛስ እየተነፈስን አይደል?»

«የኔታ፣ ምስማሩ እኮ ገባ!» አልሁ።

«ገባ እንጂ አልተመታም። አንተ ምቀኛ፣ ዝም በል!»

ሕዝቡ እልል አለ። እኔ በቅሎዬ የታሰረችበትን ማየት ጀመርሁ።

የኔታ በፍርዳቸው በጣም ደስ አላቸውና «እስኪ ስጠኝ፣ ትንፋሹን ልየው» አሉ። ተቀብለው የበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ሳቡት። ጧ! የጋቢያቸው ጫፍ ከመቃኑ ጋር ተሰፋ። ደንግጠው ደገሙት። ጧ! እጅጌያቸውም ተከተለ።

«ምን ትገተራለህ! ንቀልልኝ እንጂ!» አሉኝ።

«በዓል ነው የኔታ። መንቀያው ያለው መዶሻዬ ላይ ነው፤ መዶሻ ደግሞ አይነሳም።»

«አንተስ?» ብለው ወደ ባለማሽኑ ዞሩ።

«ማሽኑ መትፋት እንጂ መልሶ መዋጥ አያውቅም፣ የኔታ።» የዚያን ቀን የተናገራት እውነት ይቺ ብቻ ናት።

«ጋቢው ይቀደድ!» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«የአባትህ ጋቢ ይቀደድ!» ብለው ጮኹበት።

ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች። ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህ የበሽተኛ ቤት ነው፤ የበሽተኛ ቤት መሥራት ጽድቅ ነው፤ ጽድቅ በበዓልም ይሠራል። መዶሻም ይነሳ!» አሉ።

«ለዛሬ ነው ወይስ ለዘለቄታው?» አልሁ።

«ጣራው እስኪያልቅ! ንቀል አልሁህ!»

ነቀልሁ። ቀስ ብዬ። በጣም ቀስ ብዬ።

ፎርማኑ ጥግ ይዞ ይሰማ ነበር። በማግስቱ እሱም በተራው ፈረደ። ቤንዚኑ ከሩቅ ስለሚመጣና ለየቀኑ ስለማይበቃ፣ ማሽኑ በሥራ ቀን፣ እኔ በበዓል ቀን እንድንሠራ አዘዘ። እንጀራዬ አልተቆረጠም። ግን ሞጣ ላይ በዓል ያልሆነ ቀን ፈልጋችሁ አግኙልኝ! ባለማሽኑም ድንገት በዓል አክባሪ ሆነ። ነጭ ለብሶ፣ ጠላውን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጥና እኔ ወራጅ ላይ ተንጠልጥዬ ስቀጠቅጥ ያየኛል።

አንድ የማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አሮጊት ቆም ብለው ወደ ላይ አዩኝና «ይኼ ሰውዬ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» ብለው ባለማሽኑን ጠየቁት።

«ነው እናቴ፣» አለ ጠላውን እየጠጣ፣ «ግን ፈቃድ አለው።»