ባዶውን የተመለሰው ሳህን

ባለፈው እሁድ እዚህ ኦስዶርፕ ሰፈር ያለችው ቱርካዊት ጎረቤታችን ባቅላቫ በሳህን ላከችልን። የልጅ ልጄ ሜሮን በልታ ሳትጨርስ፣ «ሳህኑን አጥበሽ አሁኑኑ መልሺላት» አልኳት።

«ኦማ፣ ምን አስቸኮለሽ? ደግሞስ ባዶውን?» አለችኝ፤ ኦማ የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው።

እሷ ምን ታውቃለች!

እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ወጣት ሳለሁ፣ ዴን ሃግ ከተማ የአንዲት ባልቴት ቤት አጸዳ ነበር። ሜቭራው እላቸው ነበር፤ እሜቴ እንደማለት ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ሙሉ የጥንት ፖርሴሊን ነበራቸው፤ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ ጽጌረዳና ክንፍ ያላቸው ሕፃናት የተሳሉበት፣ እጀታው እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ። በነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ ጌጥ ተሸክሞ ምግብ የማይቀርብበት ዕቃ ለእኔ ምኑም አልገባኝም።

በልደታቸው ቀን ከሮተርዳም ትመጣለች የተባለችው ልጃቸው ቀረች። ሜቭራው ዝናቡን በመስኮት ሲያዩ ቆዩና ቁም ሣጥኑን ከፍተው ለሁለታችን ጠረጴዛ አሰናዱ። ክሬም የሞላው ኬክ! እኔ ደግሞ ሁዳዴ ይዣለሁ። አልበላም ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ወዲያው ሁለት ቁራሽ ሳህን ላይ አድርገው፣ «ቤትሽ ወስደሽ ብዪው» አሉኝ። ኬኩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ።

ሳህኑ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ያውም እንዲህ ያለ ዕቃ! ታዲያ ሽሮ ሞልቼ ልውሰድላቸው? ፋሲካ ሲደርስ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ላደርግበት አስቤ አቆየሁት። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

የእነሱ ፋሲካ ግን ከእኛ ቀደመ። በዋዜማው ልጅቷ መጥታ ገበታውን ስታሰናዳ አንድ ሳህን ጎደለ።

«እናቴ ይህን ዕቃ ለማንም አታወጣም። የት አደረስሽው?» አለችኝ።

«ሜቭራው፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ኬክ አድርገው የሰጡኝ? በልደትዎ ቀን!»

ሜቭራው ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው በቀረችበት ቀን ከጽዳት ሠራተኛ ጋር ልደት አከበርኩ ብለው እንዴት ይናገሩ?

«አላስታውስም» አሉ።

በትራም ሄጄ ሳህኑን አመጣሁ። የመጋገሪያ ጊዜ የት አለና? ባዶውን፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ። ልጅቷ አገላብጣ አየችውና «ይኸው ተገኘ!» አለች፤ የቤቱንም ቁልፍ ተቀበለችኝ። ሜቭራው ቀና ብለው አላዩኝም። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ብቸኝነታቸውን ከእኔ ጋር ተካፍለው ሲያበቁ ስሜን ለልጃቸው አሳልፈው ሰጡ። ስንት ሁዳዴ ጾሜያለሁ፤ ይህን ግን ዛሬም ይቅር ማለት አልሆነልኝም።

ባለፈው እሁድም ሜሮን፣ «እማዬ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ትላለች» ብላ ሳህኑ ላይ ብርቱካን ደረደረችበት። እናቷን ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ምን እላለሁ? ደረጃውን ወርዳ፣ ሳህኑን አስረክባ ባዶ እጇን እስክትመለስ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።