ግሩፑ ላይ የረዳኝ ሰው

ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻዬን ቢሮ ከፍቼ ጥብቅና እሠራለሁ። ቤተ መጻሕፍቴም አማካሪዬም ስልኬ ነው። የሰበር ውሳኔ ሲቸግረኝ የሕግ ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እጠይቃለሁ።

ያን ሰሞን የያዝሁት የአንዲት የሉማሜ እናት የቤት ክርክር ነበር። ክሱን ካስገባሁ በኋላ ነው የመክሰሻ ጊዜው አልፎ በይርጋ ሊወድቅ እንደሚችል የገባኝ። ተከሳሹ ካላነሳው ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳውም። ተከሳሹ ቢያነሳውስ? ሴትዮዋ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

ተከሳሹ መልስ ሊያቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው የባለጉዳዬን ስም ሳልጠቅስ ግሩፑ ላይ ጠየቅሁ። ፎቶ የሌለው አንድ ሰው ወዲያው በውስጥ መስመር መጣ።

«እስቲ ነገሩን ዘርዘር አድርገህ ጻፍልኝ» አለኝ።

አንድም ሳላስቀር ጻፍሁለት። ወፍራም የውሳኔ ቅጽ በፒዲኤፍ ላከልኝ፤ ገጽ በገጽ ከምለፋ መፈለጊያው ላይ «ይርጋ» ብዬ እንድጽፍም አሳየኝ። መረቅሁት።

በማግስቱ ችሎቱ በር ላይ ስቁነጠነጥ የተከሳሹ ጠበቃ መጡ። ስልክ መደወል እንኳ የሚቸግራቸው የሚመስሉኝ አዛውንት ናቸው። መልሳቸውን በብብታቸው ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት የላክሁልህ ፋይል ተከፈተልህ?»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ የሌለውን ሰው መልእክት ከፈትሁ። እሳቸው መነጽራቸውን እየወለወሉ፣

«ተባረክ ልጄ፤ ይርጋውን እኮ እኔ ረስቼው ነበር» አሉኝ።