ገመዱን የያዙት ሽማግሌ

ልጄ ሊያ እሑድ ለሥራ ወደ ሊዝበን ልትሄድ ነው። ሻንጣዋ ሳሎኑ መሃል አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ገና ግማሹም አልሞላም። እሷ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ የቻይና ፊልም ታያለች። እኔ ደግሞ ከማድ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ እመላለሳለሁ። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ብዞር ብዞር እዚያው ነኝ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ከጣራ ጣራ ትዘላለች።

«ማሚ፣ ቆንጆ ነው አይደል? ግን ሁሉም ኮምፒውተር ነው» አለችኝ።

«በእኛ ጊዜ ገመድ ነበር።»

ፊልም ላይ መሥራቴን ታውቃለች። የአያቷን ነገር ግን በወጉ ነግሬያት አላውቅም። ፊልሙን አቁማ «እስቲ ንገሪኝ» ስትል፣ እኔም ቆሜ ጀመርኩላት።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአባባ ጋር ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር እንኖር ነበር። አባባ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሹፌር ነበር፤ ጫማው የሚያበራ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር ሰው። እኔ ደግሞ መቀመጫዬ ላይ እሾህ ያለ ይመስል አንድ ቦታ አልረጋም። ቅዳሴ ላይ እንኳ እግሬን ስቀያይር በዓይኑ ይቆጣኝ ነበር። በኋላ ፕላንፓሌ ሰፈር ኩንግ ፉ የሚያስተምሩበት አዳራሽ አገኘሁና ጉልበቴን እዚያ ማውጣት ጀመርኩ። «ስፖርት ነው፤ ይሁን» አለ አባባ። በመስከረም ነርስ ትምህርት ቤት ልገባ ስለሆነ ብዙም አላሳሰበውም።

ጉድ የፈላው አክስቴ የሺ ከዙሪክ የደወለች ዕለት ነው። አልትሽቴተን የምታጸዳውን ትልቅ መጋዘን የቻይና ፊልም ሠሪዎች ተከራይተውታል። የጥንት አፈ ታሪካቸውን እዚህ ስዊስ፣ ተራራው ላይ፣ በረዶው ውስጥ ሊቀርጹ ነው የመጡት። ሴትየዋ መድኃኒት ትውጥና ሰውነቷ ቀልሎ፣ ባሏን ምድር ላይ ትታ ወደ ጨረቃ ትበራለች። በተዋናይቷ ቦታ በገመድ የምትበር፣ ኩንግ ፉ የምታውቅ ቀጭን ልጅ ቸግሯቸዋል። ፊቷ በጭንብል ስለሚሸፈን የማንም አገር ልጅ ብትሆን ግድ የላቸውም። የተመረጠችውን እስከ ገና ድረስ ቻይና ይዘዋት ይሄዳሉ።

ራት ላይ ለአባባ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«ትምህርትሽስ?»

«ለሚቀጥለው ዓመት ይዛወርልኛል፤ ጠይቄያለሁ።»

«ገመድ ላይ ስትንጠለጠይ ልትከርሚ? አይሆንም።»

«ልሞክር ብቻ፣ አባባ።»

«አይሆንም አልኩ እኮ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በማግስቱ በጠዋቱ ባቡር ሄድኩ። እንደምሄድም ነግሬው ነው። ወሩ የካቲት ነበር፤ ከሎዛን በኋላ ጭጋጉ ሐይቁንም የወይን እርሻውንም ዋጠው። የገዛሁት ክሯሳን ሳልበላው ወረቀቱ ውስጥ ተፈረፈረ። ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ቲኬት ተቆጣጣሪው ቦታ ያጣሁ መስሎት ወንበር አሳየኝ።

መጋዘኑ ይበርዳል፤ የሞተር ዘይትና የዝንጅብል ሾርባ ይሸታል። ገመዱ ጣራው ላይ ባለ መዘውር አልፎ ይወርድና ጓንት ያጠለቁ ወንዶች በእጃቸው ይስቡታል። አለቃቸው ጥርሳቸው የተሸራረፈ፣ መዳፋቸው የሻከረ ሽማግሌ ናቸው። የወገቤን ቀበቶ ለማንም አላመኑም፤ ራሳቸው ጠበቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። ረጅም ነጭ ቀሚስ አለበሱኝና ጭንብሉን አጠለቁልኝ። ከዚያ እግሬ መሬቱን ለቀቀ። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልናገር? ዕድሜዬን ሙሉ አልረጋ ያለው እግሬ ያኔ ገና አረፈ።

ወደ ታች ስመለከት አባባን በሩ ላይ አየሁት። የሹፌር ካፖርቱ ላይ በረዶ አለ፤ አክስቴ ከኋላው ትከተላለች። ሊመልሰኝ ነው የመጣው። በዓይኑ ሁሉን ቦታ ፈለገኝ፤ ወደ ላይ ብቻ አላየም። ቢያይስ በዚያ ጭንብል በምን ይለየኛል?

በዚህ መሃል ሽማግሌው ምልክት ሰጡና ወንዶቹ እስከ ጣራ ሊያወጡኝ እያቃሰቱ መሳብ ጀመሩ። አባባ ደግሞ ሰው ከባድ ነገር ሲስብ ቆሞ ማየት አይችልም። ሰፈራችን ኦ ቪቭ ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች ሶፋ ወደ ላይ ሲያወጡ ካየ ቦርሳውን አስቀምጦ በአንድ በኩል ይገባል፤ ስዊሶቹ ይደነግጣሉ። ያን ቀንም ባርኔጣውን ሳጥን ላይ አኖረና የገመዱን ጫፍ ያዘ። «አይዟችሁ» ሲል ሰማሁት፣ በአማርኛ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት፤ አላባረሩትም። እጁን አንስተው በትክክለኛው ቦታ አስያዙት።

 ብጠራው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይለቃል። አፌን ዘጋሁ። አይሆንም ያለኝ አባቴ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ሳበኝ። ጣራው ጋ ደርሼ በራውን አየሁት፤ አንጀቴን በላው። ሲያወርዱኝም ሽማግሌውን እያየ በቀስታ፣ በቀስታ ለቀቀልኝ።

መሬት ስረግጥ ጭንብሉን አወለቅኩ። «አባባ» አልኩት።

ገመዱ አሁንም እጁ ላይ ነው። 

«አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ብለቅሽ ኖሮስ?»

«አልለቀቅከኝም እኮ።»

እጄን ይዞ ወደ ባቡሩ ይወስደኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ እህቱ ዞረ። «የሺ፣ እስቲ ሽማግሌውን ጠይቂልኝ። እዚያ አገር ስትሄድ ገመዷን የሚይዘው ማነው?»

አክስቴ በጀርመንኛ ተናገረች፤ አንዲት ወጣት ወደ ቻይንኛ መለሰችው። ሽማግሌው ደረታቸውን ነኩ።

«ልጅ አላቸው?» አለ አባባ።

«ሴት ልጅ አለችኝ። እስክታገባ ድረስ በዚህ ገመድ የማበርራት እኔ ነበርኩ» አሉ።

 አባባ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረው። «የሰማይ የምድር አደራ ብያለሁ በያቸው።» አክስቴ እያለቀሰች ምን ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም። አስተርጓሚዋ የራሳችንን ገመድ ለምን ይሰጠናል ብላ ግራ ገብቷታል። ሽማግሌው ግን ግራ አልገባቸውም። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ሄድኩ፤ በገና በሰላም ተመለስኩ። ፊልሙ ፕላንፓሌ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ሲመጣ አባባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ጨረቃ በምበርበት ጊዜ ሰዉ ሁሉ ነጩን ቀሚስ ያያል፤ እሱ አንገቱን አስግጎ የስክሪኑን ዳር ያያል።

«ምን እያየህ ነው?»

«ሽማግሌውን ነዋ። የት ቆመው ይሆን?»

ሊያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሊዝበን ማን ይቀበልሻል?» አልኳት።

«ማንም። ቁልፉ በሩ ላይ ያለ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ኮዱን ልከውልኛል።»

ሥራውንም ቤቱንም በስልኳ ነው ያገኘችው፤ የአንድም ሰው ፊት አላየችም። ጎበዝ ናት፤ አታስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አባባ ያኔ የነበረው ነገር ለእኔ የሌለኝ መሆኑ ነው። እሱ ቢያንስ መዳፍ አግኝቷል። ለሳጥን አደራ አይባልም። ነፍሱን ይማረውና፣ አባባ ቢኖር አብሯት ተሳፍሮ አንድ ሰው ፈልጎ ያገኝ ነበር።

ማድ ቤት ገብቼ ዱቄት አቦካሁ።

«ማሚ፣ ድፎው ለማን ነው?» አለች ከሳሎን።

«ሊዝበን ከጎንሽ ላለው በር። ማን እንደሚኖር አላውቅም። እንደደረስሽ አንኳኪና ስጪው፤ እናቴ አደራ ብላለች በይው።»